እውነት የማይገባበት መስመር

በየቢሮው መስኮት የምንቀበለው ቅጽ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ከላይ የሞላሁት መረጃ ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቃለሁ።» ባለጉዳዩ ይህችን ዐረፍተ ነገር አያነባትም። ከኋላው ሰልፍ አለ፤ መስኮቱ ለምሳ ሊዘጋ ነው፤ ለፎቶኮፒ የሰጠው መታወቂያ ገና አልተመለሰለትም። ፈርሞ ይሄዳል። ያደረገው ግን መሐላ ነው፤ ቃሉን ሕግ ፊት አስይዟል።

እኛ ደግሞ መሐላን የምንፈራ ሰዎች ነን። በሽማግሌ ፊት በሐሰት የማለ ሰው ጦሱ ለልጅ ልጁ ይተርፋል ሲባል ሰምተን አድገናል። ታዲያ ያው ሰው ወረቀት ላይ ሲሆን ምነው እጁ አልተንቀጠቀጠ? «ወረቀት ነው፣ ምን አለበት» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ጥፋቱን በሰውየው ንቀት ላይ የሚጥል መልስ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ከሰውየው አንስቼ ወረቀቱ ላይ ላደርገው እፈልጋለሁ። ብዙ ቅጾች እውነቱን ሊናገር ለመጣ ሰው እውነቱን የሚያሰፍርበት ቦታ አይሰጡትም፤ ቦታ ከልክለውት ሲያበቁ ደግሞ ያስምሉታል። ስለ ቅጽ መሻሻል ሲነሣ የምንሰማው ስለ ቅልጥፍና፣ ስለ ወረቀት ብክነት፣ ስለ ሰልፍ ማጠር ነው። ሁሉም ደግ ነው። የሚቀድማቸው ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሐቀኛ ሆኖ የመጣ ሰው ይህን ቅጽ ሞልቶ ሲጨርስ ሐቀኛ እንደሆነ ይወጣል ወይ?

የትውልድ ቀንን እንውሰድ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች። ገጠር የወለዱ አንዲት እናት የልጃቸው ልደት መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ «አያውቁም» ይባልላቸዋል። ያውቃሉ እንጂ! «ደርግ በገባ በዓመቱ ነው፤ መስቀል አልፏል፣ ኅዳር ሚካኤል ግን አልደረሰም» ይላሉ። ይህን መልስ ቁጭ ብሎ ላሰላው ሰው ልጁ የተወለደው ከመስከረም 17 እስከ ኅዳር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሁለት ወር የማይሞላ ስፋት! ክርስትና የተነሣበትን ዕለት የሚያስታውስ ዘመድ ከተገኘ ደግሞ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ነውና ወደ ኋላ ቆጥሮ ዕለቱ ላይ መድረስም ይቻላል። ሦስቱ ሳጥኖች ግን ስፋት አይቀበሉም፤ የሚፈልጉት ነጥብ ነው። መዝጋቢዋ «እማማ፣ ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ» ትላለች፤ ዝም ሲሏት ከሳጥኑ የሚገጥም ቁጥር ራሷ ትጽፋለች። እናትየው ይዘው የመጡት እውነት ግምታዊ ነበር፤ ይዘው የሄዱት ሐሰት ግን ፍጹም ልክ ያለው ነው። ቅጹ ከሁለቱ የመረጠው ልክ ያለውን ነው፤ ልክ መሆንና እውነት መሆን አንድ ይመስሉታልና።

ይህ ነገር ባሕር ሲሻገር ይከፋል። በስደት አሜሪካ ከገቡ ወገኖቻችን መካከል ልደታቸው ጃንዋሪ 1 የሆነ ብዙ ናቸው፤ ባል፣ ሚስትና አማች በአንድ ቀን የተወለዱበት ቤት አለ። ይህ ለቀልድ የሚሆነው ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ ነው። የእኛ ዘመን ከፈረንጁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7፣ ከዚያ ወዲያ በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ ጠረጴዛ 7 ደምሮ የጻፈውን ሌላው 8 ደምሮ ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይደምር እንዳለ ይገለብጠዋል። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ደግሞ 12 ወር ብቻ ከሚያውቅ ዝርዝር ፊት ይቆማል፤ የተወለደበት ወር በዓለም የለም ይባላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ፣ ዳኛ በጥገኝነት ጠያቂ ቃል ውስጥ የሚያገኘውን አለመጣጣም፣ ነገሩ ከአቤቱታው እምብርት ባይደርስ እንኳ፣ የሰውየውን ተአማኒነት መመዘኛ ሊያደርገው እንደሚችል ደንግጓል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ የቀን ልዩነቱን የፈጠረው ሳጥኑ ነው፤ ሲዋሽ ተገኘ የሚባለው ግን ሰውየው ነው።

የስም መስመር ታሪክ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ብዙ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል፤ በአስተዳደር ሰነዶችም የቤተሰብ ስሙ እንዲቀድም ያዛል። «ማንኛውም ሰው አለው» ይላል፤ «ይኑረው» አይደለም። የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ የጻፈ አንቀጽ ነበር። አገሬው አላመፀም፣ አልተከራከረምም፤ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነ፤ ዛሬም በየወረቀቱ የምንጽፈው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ነው።

አገር ቤት ሆኖ ማለፍ ይቻላል። ውጭ አገር ግን መስመሩ ባዶ ሆኖ አይታለፍም። አንዱ ወንድም በዚያ ቦታ የአባቱን ስም ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፤ በአንድ ማሕፀን ያደሩት ልጆች በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ። ያገባች ሴት «ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም» የሚል መስመር ይመጣባታል፤ የእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ነውና የምትኖረው፣ በፊትም በኋላም ያላት ስም አንድ ነው። ያንኑ ደግማ ስትጽፍ «ተሳስተሻል» ትባላለች። ልጇን ይዛ አውሮፕላን ጣቢያ ስትደርስም «ስማችሁ አይገናኝም፣ እናቱ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ» የሚላት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲመዘገቡ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም እየሆነ ተሰጠ። አንድ ሰው ለልጁ ብቻ ያወጣው ስም በአንድ ምዝገባ የዘር ማንዘር መጠሪያ ሆነ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በጽሑፍ የገባ ስህተትም እንደዚሁ ይወረሳል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ ስህተት መሆኑን የሚያውቅ አይኖርም።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ግን ምርጫ መስሎ የሚቀርበው መስመር ነው። በአዲስ አበባ የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለብዙ ዓመታት ነበር። እናቱ ከአንዱ፣ አባቱ ከሌላው ለሆነ ልጅ መስመሩ የሚበቃው ለአንዱ ነው። የጻፈው ሐሰት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው፤ ያልጻፈው ወላጁ ግን በዚያች ወረቀት ላይ የለም። እንዲህ ያለ መስመር ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ደግሞ ሩዋንዳ አሳይታለች። በቤልጂየም አገዛዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ መታወቂያ ላይ የገባው የጎሣ መስመር እ.ኤ.አ. በ1994 በየኬላው የሚሞተውና የሚተርፈው የሚለይበት ሆነ። ያንን መስመር ያሰመረው ሰው ሊገድል አላሰበ ይሆናል። ሊያሟላ ብቻ አስቦ ይሆናል።

ቅጽን እዚህ የሚያደርሰው የክፉ ሰው እጅ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንድ ጸሐፊ እንኳ የለውም። ኦዲተር አንድ ጥያቄ ያስጨምራል፤ የሕግ ክፍል ለጥንቃቄ ሌላ ያክላል፤ የሆነ ዓመት ላይ ማጭበርበር ተገኘና ሦስት መስመር ገባ፤ ዕቅድ ክፍል «እግረ መንገዳችሁን ይህንንም ጠይቁልኝ» አለ። ጥያቄ ለመጨመር የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይበቃል፤ ለመቀነስ ግን «ነገ ቢጠየቅ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ስለሚጠፋ ቅጽ ያድጋል እንጂ አያንስም።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ይህ እድገት የት ሊደርስ እንደሚችል ታይቷል። ለምግብ፣ ለሕክምና፣ ለልጅ መዋያ ድጎማ የሚያመለክት ችግረኛ የሚሞላው ዲኤችኤስ 1171 የተባለው ቅጽ ከ40 ገጽ በላይ፣ 18 ሺህ ያህል ቃላትና ከ1,000 በላይ ጥያቄዎች ነበሩት። ሲቪላ የተባለ የዲትሮይት የዲዛይን ድርጅት ከግዛቱ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ቅጹን ከሚሞሉትም፣ ተሞልቶ ሲመጣ ከሚያገላብጡትም ሠራተኞች ጋር ተቀመጠ፤ ኃላፊዎቹንም ጠርቶ አመልካቹ የሚያልፍበትን መንገድ ራሳቸው እንዲያዩት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ቅጽ ከአሮጌው 80 በመቶ ያህል ያጠረ ነው።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የሚያደንቁት ማጠሩን ነው። እኔን የሚይዘኝ ከአሮጌው ቅጽ ጥያቄዎች አንዱ ነው፦ ልጅዎ የተፀነሰበት ቀን መቼ ነው? አንድ ሰው ይህን በአንድ ወቅት፣ ምናልባትም በቂ በመሰለ ምክንያት፣ አስገብቶታል። ግን የትኛዋ እናት ናት በእርግጠኝነት የምትመልሰው? የጻፈችው ቀን ሁሉ ፈጠራ ነው። ባትጽፍ ማመልከቻዋ ጎደሎ ይሆናል፤ ብትጽፍ የማታውቀውን አውቃለሁ ብላ ትፈርማለች። ራብ አስገድዷት ከመጣችበት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ውሸት እንደ መግቢያ ዋጋ ተጠየቀች ማለት ነው። ያ ጥያቄ ሲወጣ የተረፈው ወረቀት ብቻ አይደለም።

ፓሜላ ኸርድና ዶናልድ ሞይኒሃን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ አስተዳደር በዜጋው ላይ የሚጥለውን ሸክም በሦስት ይከፍሉታል፤ መብትን ለማወቅ የሚወጣ ድካም፣ የሚጠየቀውን ለማሟላት የሚወጣ ጊዜና ገንዘብ፣ በመንገዱ ላይ ልብ የሚቀበለው ጭንቀትና ውርደት። ጥሩ ክፍፍል ነው። እኔ አራተኛ እጨምርበታለሁ፤ የሐቅ ዋጋ። ጉዳዩ እንዲያልቅለት ሲል ትንሽ የዋሸ ሰው ከቢሮው ሲወጣ ጉዳዩ አልቆለታል፤ ለመንግሥት ወረቀት ያለው ክብር ግን እዚያው ቀርቷል። በሚቀጥለው ጊዜ በእውነት የሚመለስ ጥያቄ ቢመጣለትም እንደ ቀድሞው ለሳጥኑ የሚመቸውን ይጽፋል። መንግሥት በገዛ ቅጹ ያስተማረውን ውሸት በኋላ በቁጥጥር ክፍል፣ በማጣሪያ ኮሚቴና በተጨማሪ ቅጽ ያሳድዳል።

ይህን ሁሉ ስል ቅጽን ራሱን የጠላሁ እንዳይመስል። ቅጽ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን እናውቃለን፤ ደጅ ጥናት ነበር። ባለጉዳይ ከጌታው ደጅ ወራት ይቆማል። የሚያውቀው ያለው ሾልኮ ይገባል፤ አንደበቱ የተባ ያስደምጣል፤ አንገቱን የደፋ እንደቆመ ይመሻል። በዚያ ሥርዓት ሰውየው የሚመዘነው በጉዳዩ ሳይሆን በፊቱና በዘመዱ ነው። ቅጽ ይህን ሰበረ፤ ለባለጸጋውም ለድሃውም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ያቀርባል፤ ፊት አያይም። ስለዚህ ቅጽን ሰብአዊ እናድርግ ሲባል መድኃኒቱ ደግ ሠራተኛ መመደብ ነው ብሎ ማሰብ አደጋ አለው። ደግ ሠራተኛ የደረሰው ዳነ፣ ያልደረሰው ቀረ ከተባለ ወደ ደጅ ጥናት ተመለስን። ደግነቱ ከሠራተኛው ፀባይ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ማንም በመስኮቱ ቢቀመጥ ያው እንዲሆን።

እንዴት እንደሚጻፍ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በፍርድ ቤትና በክፍለ ከተማ ደጆች ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ቀርቦ ማየት ይበቃል። አንዲት እናት ስለ ቤታቸው ይዞታ ሊያጽፉ መጥተው ከዱካዋ ጫፍ ይቀመጣሉ። ታሪኩን የሚጀምሩት ከባላቸው ሕመም ነው። ጸሐፊው አያቋርጣቸውም። ሲጨርሱ «ወደዚህ ቤት የገባችሁት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «እናቴ፣ ቤቱን ስትረከቡ የቀበሌው ሊቀ መንበር ማን ነበሩ?» ይላል። ስሙን ይነግሩታል፤ እሱ ከስሙ ተነሥቶ ዓመቱን ያገኛል። «ውሃ ያስገባችሁ ከትልቋ ልጅ በፊት ነው በኋላ?» ይላል። «በኋላ ነው ልጄ፣ ታዝላ ነበር» ይሉታል። ከዚያ «ጉዳዩ፦ የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብሎ ይጀምራል። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። «እንዲህ ነው ያሉኝ?» «እሱ ነው፤ ግን አጥሩን ያጠርነው እኛ ነን፣ እሱን አልጻፍከውም።» ይጽፈዋል።

እዚህች ዱካ ላይ ቅጽ አሻሻይ ባለሙያ ሊማረው የሚገባው ሁሉ አለ። ጸሐፊው የሚጠይቀው ትዝታ በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ቀን የማታስታውስ ሴት ሰውና ወሊድ ታስታውሳለችና። ሸክሙን የሚያነሣው እሱ ነው፤ ትዝታን ወደ ዓመተ ምሕረት መለወጥ የባለሙያው ሥራ ነው እንጂ የባለጉዳይዋ አይደለም። የጻፈውንም ከማስፈረሙ በፊት ያነባል፤ ስለዚህ ሲፈርሙ የሚፈርሙት የሰሙትን ነው። አሳዛኙ ነገር ሴትየዋ ለዚህ ገንዘብ መክፈላቸው ነው። ግቢው ውስጥ በነጻ ሊያገኙት የሚገባውን ከአጥሩ ውጭ ገዝተው ገቡ።

ስለዚህ የተሻለ ቅጽ ምን መምሰል እንዳለበት መናገር ከባድ አይደለም። ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ ከጎኑ ይናገር፤ ምክንያቱን በአንድ መስመር መግለጽ ያልቻለ መሥሪያ ቤት ጥያቄውን ይተወው። «አላውቅም» እና «በግምት» የተከበሩ መልሶች ይሁኑ። ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የመለወጡን ሥራ ባለጉዳዩ አይሸከም። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ዜጋው ፎቶኮፒ አድርጎ እንዲያመጣ አይጠየቅ። ፊርማም በአንድ ወገን አይቅር፤ ባለጉዳዩ እውነት መናገሩን ሲያረጋግጥ መሥሪያ ቤቱም በዚህ ቀን ተቀብያለሁ፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ ብሎ ቲተሩንና ማኅተሙን ያሳርፍ። ቃል የሚያስገባ ቃል ይግባ።

ጅምሩ በአገራችን የለም ማለት አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። ካርዱ ላይ «ሙሉ ስም» የሚል አንድ መስመር አለ፤ የቤተሰብ ስም የሚል የለም፤ የትውልድ ቀኑም በሁለቱ አቆጣጠር ተጽፏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያልሰማውን አጠራር ካርዱ ሰማው።

አሁን ግን ቅጹ ከወረቀት ወደ ስክሪን እየሄደ ነው፤ ወረቀት ደግሞ እኛ ሳናመሰግነው የኖርነው አንድ ነገር ነበረው፤ ኅዳግ። ሳጥኑ ያልበቃው ሰው ከጎኑ «በግምት ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ አስተዋይ ሠራተኛም በእርሳስ «በሽማግሌ ቃል» ብሎ ያስታውስ ነበር። ስክሪን ኅዳግ የለውም። ባዶ የተተወ መስመር በቀይ ይጮኻል፤ ከጥያቄው አጠገብ ያለችው ኮከብ ካልሞላህ አትቀጥልም ትላለች። በወረቀት ዘመን ውሸት ይቀል ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረም። ኮከቧን የሚያስገባው ወጣት ፕሮግራመር የታዘዘውን ይሠራል፤ ውሳኔው የእሱ አይደለም። ውሳኔው የትኛው መስመር ግዴታ እንደሆነ የሚያጸድቀው ኃላፊ ነው፤ እሱም ባጸደቀ ቁጥር የስንት ሰው እውነት እንደሚገባና እንደማይገባ እየወሰነ ነው። ፊርማውን ከማሳረፉ በፊት የራሱን እናት ልደት፣ የራሱን አያት ስም በዚያ ቅጽ ላይ ይሞክር። ሳይዋሽ መጨረስ ካቃተው ኮከቧን ያንሣ፤ ሊያነሣት የማይችልበት ምክንያት ካለ ደግሞ ከሥሯ «አላውቅም» የሚል ምርጫ ያስገባ።